ርካሽ ሆኖ የማያሳፍር ፀጉር

ጥቅምት 4

ድንቢጤ፣

እንዴት ነሽልኝ? ደብዳቤሽ በዕቃ ጫኙ ሹፌር እጅ ደረሰኝ። ሰላምታው አንድ መስመር፣ ስለ ፀጉር ደግሞ ሦስት ገጽ! እትዬ አለች ሞታለች ተብሎ እንኳ አይጠየቅም? ይሁን፤ ታናሽ ሁሌም እንዲሁ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ የፀጉር ሱቁም እኔም እንዳለን አለን።

በስልክ አናውራው ያልሽው ልክ ነው። ያንቺ ቤት ግድግዳ ከወረቀት የቀጠነ ነው፣ እኔ ደግሞ ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልፈጠረብኝም። ስለዚህ ፀጉሩም ወሬውም በሹፌሩ በኩል ይሁን። የምልከው ወደ ትምህርት ቤትሽ ነው፤ ቤትሽ ቢመጣ ቀያሹ ባልሽ ይከፍተዋል። ሰውዬው መሬት እየለካ የሚውል ነው፣ ዓይኑ ምንም አያልፍም።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ስትጋቢ የሰፋሁልሽን አሮጌውን የሚተካ፣ ርካሽ ሆኖ የማያሳፍር ፀጉር አለ። ንጹሕ የሰው ፀጉር፣ ሂዩማን ሄር የምንለው፣ ለሕፃናት አስተማሪ ደሞዝ አይሆንም፤ እሱን ለሀብታም ሚስቶች ተይላቸው። የላኩልሽ ቅልቅል ነው፤ የሰውም አለው፣ አርቲፊሻልም አለው። ርካሽ ፀጉርን የሚያጋልጡት ርዝመቱና ማብረቅረቁ ናቸው። ወገብ ድረስ ከወረደ ከሩቅ ይጮኻል፤ ትከሻ ላይ ከቆመ ግን ማንም ዞሮ አያየውም። ቀለሙን ያመሳሰልኩት ካንቺ ፀጉር ጫፍ ጋር ነው። ጥቁር ነው፣ ግን የከሰል ጥቁር አይደለም።

ሙጫ የሚባል ነገር እንዳታስቢ። ስፌትም ብቻሽን አትችዪውም። እንደ ፊተኛው ክሊፕ ሰፍቼበታለሁ። ከተመለጠው ቦታ ዝቅ ብለሽ የራስሽን ፀጉር በቀጭኑ ጎንጉኚና ክሊፑ ጉንጉኑን ይንከስልሽ፤ ቆዳሽን ከነከሰ ያለው ፀጉርም ይረግፋል። ከዚያ የራስሽን ከላይ መልሺበት። ስታበጥሪ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ ነው። ማታ አውልቀሽ ሻሽ እሰሪ። ድስት ስትከፍቺ ደግሞ ራስሽን አርቂ፤ አርቲፊሻሉ እንፋሎት ካገኘው ይጨማደድና ያበቃለታል። ይህን ሦስቴ ነግሬሻለሁ፣ አራተኛ አታስነግሪኝ።

መመለጤን ለባሌ ልንገረው ወይ ላልሽው፦ አትንገሪው። የእኔን ታውቂያለሽ። ልጄን ከወለድኩ በኋላ ፀጉሬ ሲረግፍ ለዚያ ለድሮው ባሌ በየዋህነት ሻሼን ፈትቼ አሳየሁት። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ስም አወጣልኝ፣ ሳቁን ያስጀመረውም እሱው ራሱ ነበር። ወንድ የሚወደው የሚያየውን ነው። ስትጋቢ ያሰማመርኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔ እስካለሁ ድረስ አንቺም እንዳማረብሽ ትኖሪያለሽ።

እትዬሽ


ኅዳር 2

እትዬ ዓለሜ፣

መጀመሪያ ጉልበትሽ እንዴት ነው? እንግዲህ ጠየቅኩ፤ ደግመሽ እንዳትወቅሺኝ። ቅባቱን ከሹፌሩ ጋር ልኬዋለሁ፤ ሲነሳብሽ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ተቀቢው።

ፀጉሩን በተመለከተ ደህና ነው። ደህና ነው አልኩሽ፤ ስለሱ ብዙ አትጠይቂኝ።

ባለፈው ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብዬ የአንዷን ሕፃን ጫማ ሳስር አንዱ ክሊፕ ተከፈተና ፀጉሩ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ «መምህርት፣ ፀጉርሽ ወደቀ!» ብላ ጮኸች። ሪባን ነው ብዬ በእጄ ጨብጬ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ መልሼ ሰካሁት። ሳቂብኝ፤ እኔም አሁን ስጽፈው ሳቄ መጥቷል።

ቤት ያለው ግን አያስቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ቆልፌ ነው ፀጉሬን አጥቤ የምሠራው። ባለፈው ቅዳሜ ባሌ ቆሞ አንኳኳ። ምን ትሠሪያለሽ አለኝ። ራሴን እየታጠብኩ ነው አልኩት። «የውሃ ድምፅ አይሰማም እኮ» አለኝ። እሱም ሄዶ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በመስኮት አየሁት፣ ጋዜጣውን ገልጦ አያነብም።

ማታ ፊልም ስናይ ደግሞ ራሴን ሊዳብስ እጁን ዘረጋ። ደንግጬ ሸሸሁ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ሻይ ልጨምርልሽ ብሎ ተነሳ። እትዬ፣ እሱ እንደዚያኛው ሰውዬ አይመስለኝም። ብነግረው የሚሻል ይመስለኛል። ምን ትያለሽ?

ድንቢጥሽ


ኅዳር 19

ድንቢጤ፣

ቅባቱ ደረሰኝ፤ ሽታው ደንበኛ ያባርራል፣ ግን ጉልበቴን ለቀቅ አድርጎታል። ተባረኪ።

ምን እላለሁ! አይሆንም እላለሁ። ለሁለት ዓመት የደበቅሽውን ዛሬ ብታወጪው የሚያናድደው መመለጥሽ ብቻ ይመስልሻል? መደበቅሽም ይጨመርበታል። እንደዚያኛው አይመስለኝም ትያለሽ። እኔስ መስሎኝ ነበር? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የኔ እህት።

ደግሞ ሞኝ! ራሴን እየታጠብኩ ነው ካልሽ ቧንቧውን ክፈቺዋ! ይህንንም እኔ ልንገርሽ? ሊዳብስሽ ሲመጣ ራሴን አሞኛል በይ፤ ራስ ምታት የማያውቅ ባል የለም።

ፀጉሩ ማብረቅረቅ ከጀመረ የሕፃናት ፓውደር ትንሽ ነስንሺበትና አራግፊው። ሲቋጠር ደግሞ ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው። አትጭመቂው፤ በጥላ ይድረቅ። ደህና ነው ብቻ ብለሽ ዝም ማለትሽ አላማረኝም። በደንብ ጻፊልኝ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 27

ድንቢጤ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ዛሬ ብዙ አልጽፍም። ጥቂት ነገር ልጠይቅሽና በቶሎ መልሺልኝ፤ ሹፌሩን እዚያው አስጠብቂው። ባልሽ ከሥራ በሰዓቱ ይገባል? ባለፈው ሳምንት ለሥራ ወደዚህ እንደሚመጣ ነግሮሽ ነበር? ሲመለስ ምን አለሽ? ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል? ጠረን፣ ሳቅ፣ አዲስ ሸሚዝ፣ ምንም ይሁን ምን ንገሪኝ።

ለምን ጠየቅሽ አትበዪኝ። ያየሁት ነገር አለ፤ እርግጠኛ ሳልሆን አፌን አልከፍትም። ዓይንሽን ግን ክፈቺ።

እትዬሽ


ጥር 10

እትዬ፣

ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው የላክሽልኝ?

ይኸው መልሱ። በሰዓቱ ይገባል። ለመሣሪያ ጥገና ወደዚያ መሄዱን ነግሮኛል፤ ካንቺ ሱቅ ብቅ እል ይሆናል ብሎኝም ነበር። ሲመለስ እትዬን አገኘሃት ስለው «ሥራ በዝቶባት ነበር» አለኝና ነገር ቀየረ። ስልኩን ይዞ አይወጣም። ሸሚዙ ያው ነው፤ አንገቱን ገልብጬ የሰፋሁለት። ሳቁ ግን፣ ስትጠይቂኝ ነው ያስተዋልኩት፣ ከመጣ ወዲህ ስቆ አያውቅም። ያየሽውን ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን ካንቺ አፍ ይሻለኛል።

ድንቢጥ


ጥር 18

የኔ ድንቢጥ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባልሽ ሱቄ መጥቶ ነበር። ሁለቱም ወንበር ላይ ደንበኛ አለ፣ ሌሎችም ተራ ይጠብቃሉ። ሰላም ካለኝ በኋላ የተሰቀለውን ፀጉር እያየ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ወንድ ልጅ ሲያፍር ታውቂው የለ፣ ጆሮው ቀልቶ። በመጨረሻ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ርካሽ ሆኖ የማያሳፍር ፀጉር የትኛው ነው?» አለኝ። ለማን ነው አልኩት። ሴቶቹን ዞር ብሎ አየና «ለምወዳት ሰው ነው» አለኝ። ከዚያ ከቦርሳው የታጠፈ ሶፍት አወጣ። ውስጡ ዘለላ ፀጉር አለ። «ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ይሁን» አለ።

ድንቢጤ፣ ያንቺ ቢሆን ኖሮ አንገቱን አቅፌ እስመው ነበር። ግን ቡናማ ነው! ቡናማ፣ ሙሉ በሙሉ አርቲፊሻል፣ የመጨረሻው ርካሽ። ያንቺን ፀጉር በእጄ መርጬ በእጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጨለማ ውስጥ በጣቴ ዳብሼ እለየዋለሁ። ይህ የሌላ ሴት ነው። የሌላ ሴት ፀጉር ይዞ የሚስቱ እህት ዘንድ መጥቶ አስመርጪኝ ይላል! ድፍረቱ!

እኔም ምላሴን አልያዝኩም። «እህቴ የራሷ ፀጉር አላት፣ የምትወዳት ሰው ደግሞ የራሷን ሱቅ ትፈልግ» ብዬ ደንበኞቹ ፊት አዋረድኩት። አንድ ቃል አልመለሰም። ሶፍቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወጣ። ንጹሕ ሰው እንደዚያ ዝም ይላል?

አሁን ዝም ብለሽ አትቀመጪ። እናቱ ዘንድ ሂጂና ንገሪያት፤ ወንድሞቹም ይስሙ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። እኔ አለሁልሽ።

እትዬሽ


የካቲት 20

ድንቢጤ፣

ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሁለቱንም ሹፌሩ ለትምህርት ቤትሽ ዘበኛ ሰጥቼዋለሁ አለኝ። ደውዬም አታነሺም። ቢያንስ ደህና ነኝ በይኝ። ቀያሹ ወጣ? ወይስ ታረቃችሁ? ደንበኛ እያበጠርኩ ሐሳቤ አንቺ ጋ ነው፤ ትናንት የአንዷን ጆሮ በካውያ ልጠብስ ነበር።

እትዬሽ


መጋቢት 3

እትዬ፣

ደህና ነኝ። አለመጻፌ አኩርፌሽ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ ነው።

ያልሽኝን አደረግኩ። እናቱ ቤት ሄድኩ። ወንድሞቹ ምሳ ላይ ነበሩ፤ እዚያው ቆሜ ሌላ ሴት ይዟል አልኳቸው። እናቱ ማንኪያውን አስቀምጣ አለቀሰች። እሱ ማታ ሲመጣ ሁሉም ተሰብስበው ጠበቁት። ታላቅ ወንድሙ «አሳፈርከን» ሲለው እሱ የሚያየው እኔን ብቻ ነበር። አንድም አልተከራከረም።

ቤት ስንገባ ሂድ ወደምትወዳት አልኩት። የትኛዋ አለኝ። የቡናማ ፀጉሯ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ እትዬ፤ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ የምሬን መሆኑን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ያንን ሶፍት አውጥቶ ፈታውና ዘለላውን ከራሴ ጋር አስጠግቶ በመስታወት አሳየኝ።

ቡናማው የእኔ ነው።

አንቺ የላክሽልኝ ፀጉር በመጀመሪያው ሳምንት ድስት ስከፍት እንፋሎት መትቶት ተጨማደደ። ሦስቴ ነግረሽኝ ስለነበር አፈርኩሽ። ደግሞም ቁጣሽን ፈራሁ። ከገበያ ርካሹን ገዛሁ፤ ጥቁሩ አልቆ ቡናማው ብቻ ነበር። ጥቁር ሻሽ ደረብ አደርግበት ነበርና ብዙም አይታይም ብዬ ነው። ደህና ነው ያልኩሽ እሱን ነው። ደብዳቤሽን ሳነብም የራሴ ይሆናል አላልኩም፤ እሱ ስለ ፀጉሬ ምንም አያውቅም ብዬ አምኜ ነበርና።

እሱ ያውቅ ነበር። ከተጋባን ወር ሳይሞላ ጀምሮ ያውቃል። እንቅልፍ ላይ ሻሼ ሲንሸራተት መልሶ ያስርልኝ ነበር። ትራስ ላይ የወደቀ ክሊፕ ሲያገኝ መስታወቱ ሥር ያስቀምጥልኛል፤ እኔ ደግሞ ራሴ የረሳሁት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በሩን ትከፍትልኛለች እያለ ጠበቀ። የቅዳሜው በር ሲሰለቸው እትዬ ትምረጥልኝና ልስጣት፣ ስሰጣት ማወቄን ታውቃለች፣ ማናችንም ሳናፍር ነገሩ ያልቃል ብሎ አሰበ። አንቺ ዘንድ የመጣው ለዚህ ነበር። ለሚስቴ ነው ያላለሽ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እንዳይሰሙብኝ ነው። ለምወዳት ሰው ሲልሽ ትረጂዋለሽ ብሎ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። አነሳኝ፤ አልተቆጣም። ብቻ እንዲህ አለኝ፦ «ሌላ ሴት አለው ብለሽ ለማመን አንድ ደብዳቤ በቃሽ። እኔን ለማመን ግን ሁለት ዓመት አልበቃሽም።» ለዚህ ምን ይመለሳል እትዬ? እስቲ አንቺ አፍ አለሽ፣ ንገሪኝ።

እናቱ ዘንድ አብረን ሄደን እውነቱን ተናገርኩ፤ ራሴን ገልጬ አሳየሁ። ይቅር አሉኝ። እሱ ግን የሩቁን የመንገድ ሥራ ተቀበለ። ሦስት ጊዜ ሲሰጡት በእኔ ምክንያት እምቢ ያለውን ሥራ ነው። ሰኞ ሄደ።

ድንቢጥ


መጋቢት 12

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሱቁን ዘግቼ አነበብኩት፣ ደገምኩት፣ እስካሁንም ሱቁን አልከፈትኩም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል የኔን። ምን ልበልሽ? ጥፋቱ የኔ ነው። በአንድ ዘለላ ፀጉር ሰው ላይ ፈረድኩ። ዓይኔን አምኜ ጆሮዬን ደፈንኩ። ለምወዳት ሰው ሲለኝ ድምፁ እንዴት እንደነበር አሁን ነው የሚሰማኝ፤ የሚዋሽ ሰው እንደዚያ አይናገርም። ያንን የድሮ ባሌን ፈርቼ ያንቺን ባል አባረርኩ። ደግሞ አንቺ እኔን ፈርተሽ ፀጉሩ ተበላሸ ማለት አቃተሽ። ይሄ ከሁሉም በላይ አንጀቴን በላው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ራስሽን ያበጠርኩ እኔ፣ የምትፈሪኝ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ለቀያሹ ጽፌለታለሁ። ምናምን ሳላበዛ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷን አትቅጣት አልኩት። መልስ አልመጣም። ደግሜ እጽፋለሁ፤ ካስፈለገም ጉልበቴን እየጎተትኩ እሄዳለሁ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አውቃለሁ። ግን እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ንጹሕ ሂዩማን ሄር አንድ ጥቅል አለኝ፤ ለራሴ ብዬ ያስቀመጥኩት፣ ጥቁር፣ እንደ እናታችን ፀጉር። ልላክልሽ? እንፋሎትም አይጎዳውም። እሺ በይኝ።

እትዬሽ


ግንቦት 6

እትዬ ዓለሜ፣

ሱቁን መክፈትሽን ሹፌሩ ነገረኝ፤ ደስ አለኝ። ጉልበትሽን በየቀኑ ትቀቢዋለሽ? አታታልዪኝ፤ ሹፌሩን ጠይቄዋለሁ፣ ሱቁ ምንም አይሸትም ብሎኛል።

ፀጉሩን አትላኪልኝ። እንደ ኩርፊያ እንዳትቆጥሪብኝ፤ አሁን አያስፈልገኝም። ከሁለት ሳምንት በፊት የቀረውን በመቀስ አሳጥሬ ቆረጥኩት። እኩል አልሆነም፤ ብታዪው መቀሱን ትቀሚኝ ነበር። የተመለጠው ቦታ እንዳለ ይታያል።

ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ ገባሁ። ያቺ ፀጉርሽ ወደቀ ያለችው ልጅ ተነስታ መጣችና «መምህርት፣ ያማል?» አለችኝ። አያምም አልኳት። «አባቴም እንዲህ ነው» አለችኝ። አንዱ መንካት ይቻላል ወይ አለ፤ ጎንበስ ብዬ አስነካኋቸው፣ ተራ ይዘው። እስከ እረፍት ሰዓት ረስተውታል፤ ኳስ ጠፋብን ብለው መጡ። ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

ከሁሉም የከበደኝን አሁን ልንገርሽ። እሁድ መጣ። ደብዳቤዎችሽን እንዳነበባቸው ነገረኝ፤ እትዬን አልተቀየምኳትም በያት ብሎሻል። እውነቱን ነው፣ አይዋሽም። የመጣው የቀሩትን ልብሶቹን ሊወስድ ነው። በሩን ስከፍትለት ራሴን አልሸፈንኩም። ቆሞ አየኝ። እጁን ዘርግቶ አናቴን ዳበሰኝ፤ ቦታውን ሁሉ ቀስ ብሎ። እኔም አልሸሸሁም። «ያምርብሻል» አለኝ።

ቆይ ልልው ነበር። ምሳ ቀርቧል ልልው ነበር። ሳልለው ሻንጣውን አነሳ። መኪናው ውጭ ይጠብቀው ነበር። ደህና ሁኚ አለኝ፣ ደህና ሁን አልኩት፤ ሄደ።

ታናሽሽ